ክለባችንን ሊያወርድ የነበረው ወረቀት

በመጀመሪያ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን የነበርነውን አንድ በአንድ ልቁጠር። ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ቤቱ የሱ ስለሆነ መቼም አይጠፋም። ጋሼ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር፣ ክለባችንን ከሁላችንም በፊት መደገፍ የጀመሩ። ከጎን ያለው ሱቅ ባለቤት እትዬ ነበሩ፤ ለጨዋታ ሲመጡ ሱቃቸውን አይዘጉም፤ በሩ ላይ መጥረጊያ አጋድመው ይመጣሉ። የባጃጅ ሾፌሩ ነበር። ወንበሩ ላይ ደግሞ ከይርጋለም ለሠርግ የመጣ አንድ እንግዳ ነበር፤ ስለሱ በኋላ እናገራለሁ። እኔም ነበርኩ።

ፀጉር ቤቱ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ነው ያለው። ጠበብ ብሎ የረዘመ ክፍል ነው። በአንደኛው ጫፍ መስታወቱ፣ በሌላኛው ጫፍ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመሃላቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ አንዱ በመስኮቱ ሥር፣ ሌላው በግድግዳው በኩል። እኔ ሞባይል እጠግናለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ጠረጴዛዬ ከመስታወቱ አጠገብ ስለሆነ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነው የምሠራው። ጨዋታ የማየው በመስታወት ነው። ዞር ብዬ ማየት እችላለሁ፤ ግን ክለባችን ሲከላከል በቀጥታ የማየት አንጀት የለኝም።

ባለፈው የውድድር ዓመት ክለባችን ክፉኛ ታመመ። ተከላካዮቹ ኳስ ሲመጣባቸው እንደ ጨዋ ሰው መንገድ ይለቁ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሲናደድ በእናት ቋንቋው በሲዳሙ አፎ ነው የሚናደደው፤ በዚያ ዓመት አማርኛውን ሊረሳው ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ፣ ተስፋ በቆረጥንበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ድንገት አሸነፍን። ጎሉ የገባው ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ አንድ ጉንጭ ላጭቶ ሌላው ገና በሳሙና እንደተሸፈነ ነው።

የባጃጅ ሾፌሩ ጭፈራውን ሳይጨርስ ጮኸ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ! ኢንጂነር፣ ጻፍ!»

ኢንጂነር የሚሉኝ እኔን ነው። ሊያሾፉብኝ የጀመሩት ስም ነው፤ አሁን ግን እትዬም ደንበኛ ሲልኩልኝ «ኢንጂነሩ ጋ ሂድ» ይላሉ። ደብተሬን አወጣሁ። በመስታወቱ እያየሁ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን እግሩን እንዳጣመረ፣ የትኛው ጉንጭ እንደተላጨ ሁሉ ሣልኩ። ቴሌቪዥኑን ከወረቀቱ አናት ላይ አደረግሁት። አግዳሚዎቹን በግራና በቀኝ አሰመርኩ። የእትዬ ነጠላ ጫማ አንዱ ከእግራቸው ወልቆ እንደነበር እንኳ አልዘለልኩም። መስኮቱን ብቻ አልሣልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ዕድል ለመመለስ በየጨዋታው በወረቀቱ መሠረት ሆነ የምንቀመጠው። የባጃጅ ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞርና «እትዬ ቀኝ፣ ጋሼ ግራ» እያለ ያስቀምጠናል። እትዬ የከሰዓቷ ፀሐይ በመስኮቱ እየገባች አናታቸውን ስትጠብሳቸው ሻሻቸውን ወደ ፊት ይስባሉ።

«ያን ቀንም እንዲህ ይሞቅ ነበር እንዴ?»

«እትዬ፣ ቦታዎ ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» ይላቸዋል የባጃጅ ሾፌሩ።

«ኢንጂነሩ ከጻፈውማ እሺ።»

በወረቀቱ ተቀምጠን ተሸነፍን። ደግመን ተሸነፍን። አንዴ አቻ ወጣንና ሥራ ጀመረ ብለን ተደሰትን፤ ከዚያ እንደገና ተሸነፍን። እትዬ ጫማቸውን በትክክል አላወለቁም ተብለው ተወቀሱ። ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን የለበሰውን ሱሪ ሳያጥብ እንዲለብስ ተፈረደበት። ወረቀቱን ግን ማንም አልጠረጠረም፤ እኔም አልጠረጠርኩም።

በዚህ መሃል የጋሼ ጉዳይ መጣ። ልጃቸው አዳማ ነው የምትኖረው። «አባዬ፣ ብቻህን መኖር ይብቃህ፤ እኔ ጋ ና» ስትላቸው ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጋሼ ምክንያት ሲያልቅባቸው «ክለባችን ከወረደ እመጣለሁ፤ ከተረፈ ግን አልነቃነቅም» አሏት። ይህን የምናውቀው የጋሼ ስልክ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ ስለማያሰማ ነው። ልጅቷ ከየጨዋታው በኋላ ትደውላለች፤ እኛም እናዳምጣለን።

«አባዬ፣ ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«ተሸነፍን።»

«አይዞህ» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ሠርግ ቤት ያለች ሴት ድምፅ ይመስላል።

«ስማ፣» አለኝ የባጃጅ ሾፌሩ አንድ ቀን፣ «ሌላው ቡድን እኮ አሥራ ሁለት ተጫዋች ነው ያለው። አሥራ ሁለተኛዋ አዳማ ናት።»

ሳቅን፤ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠው ምንም ሳንነጋገር አንድ ሰዓት እንቆያለን። ከማንም ጋር ብዙ አላወራም፤ ከሳቸው ጋር ግን አለማውራቱም ደስ ይለኛል። ክለቡ ከወረደ ወንበራቸው ባዶ ይሆናል ብዬ ሳስብ የምበይድበት ካውያ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ጨዋታው የሚካሄደው ሌላ ከተማ ነው። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ጋሼ ያን ቀን ሲገቡ «ሻንጣዬን ጠዋት አሰርኩ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ችግሩ፣ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ሰው አልነበረንም። የባጃጅ ሾፌሩ ወጥቶ ከመንገድ ላይ እንግዳውን ይዞ መጣ። በነገታው ለሚሆን ሠርግ ፂሙን ሊያስተካክል ቤት ሲፈልግ ነው ያገኘው። ፀጉር አስተካካዩ ቀኝ ጉንጩን ላጨና ምላጩን አስቀመጠ።

«ጨረስክ?» አለ እንግዳው።

«ጨዋታው ሲያልቅ።»

እንግዳው በመስታወቱ ሁላችንንም አየን። ከይርጋለም ሲነሣ ስለ ሐዋሳ ሰው የነገሩት ነገር ትዝ ያለው ይመስል ነበር።

በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ጎል ገባብን። ተከላካያችን እንደ ልማዱ መንገድ ለቀቀ። ዕረፍት ሆነ። ያኔ ጋሼ ከግድግዳው በኩል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንጂነር፣ ባሸነፍንበት ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«ግራ ነበሩ ጋሼ፤ ለቴሌቪዥኑ በሚቀርበው ጫፍ።»

«ግራ ማለት ይሄ አሁን የተቀመጥኩበት?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ቀኝ ጆሮዬን ፀሐይ ስትጠብሰኝ ነው የዋለችው። ግድግዳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፀሐይ የሚያወጣው?»

ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ መስታወቱን አየሁት። መስኮቱ በግራዬ ነበር። ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑን በቀጥታ አየሁ፤ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። መስኮቱ በቀኜ ሆነ።

«በመስታወት ነው የሣልኩት» አልኩ። «ግራና ቀኙን አገላብጬዋለሁ።»

እትዬ ቀስ ብለው ሻሻቸውን ከግንባራቸው ላይ ከፍ አደረጉ። «እና እኔ ይሄን ሁሉ ሳምንት በከንቱ ነው የተጠበስኩት?»

«ክለቡን ያወረደው አሰልጣኙ አይደለም በለኛ!» አለ የባጃጅ ሾፌሩ። «ራሱ ኢንጂነሩ ነው!»

«ገና አልወረደም» አሉ ጋሼ። «ተነሡ፣ ቦታ እንቀያየር።»

ሁሉም ተነሡ። ጋሼ ወደ መስኮቱ፣ እትዬና የባጃጅ ሾፌሩ ወደ ግድግዳው ተሻገሩ። ጠባብ ቤት ስለሆነ እትዬ ሲያልፉ ጋሼ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የቀረው የእንግዳው ጉንጭ ነበር። እሱንም ከመስታወት ካየሁት ያን ቀን የተላጨው ግራው ነበር ማለት ነው።

«የላጨሁትን ፂም መልሼ አልተክለውም!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ፤ ይህን ያህሉን በአማርኛ፣ የቀረውን በሲዳሙ አፎ።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ናቸው። «ግራውን ላጨው፤ የተላጨውን ሳሙና ቀባው። ከላይ ሳሙና ካለ ከሥር ፂም መኖሩን ማን ያያል?»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ነገ ሚዜ ነኝ» አለ እንግዳው።

«እንዲያውም ሁለት ጊዜ ትላጫለህ፤ በአንድ ዋጋ» አለው የባጃጅ ሾፌሩ።

ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። እኔ ወደ መስታወቱ ተመልሼ ነበር፤ ያን ቀን እንደነበርኩት መሆን ስላለብኝ። ኳሷ ከሰው ሰው ተጋጭታ፣ በመጨረሻ የነሱን ተከላካይ ጉልበት ነክታ ገባች። ቆንጆ ጎል አልነበረም። እትዬ ሁለቱንም ጫማቸውን አወለቁ። እንግዳው ከነሳሙናው ተነሥቶ የባጃጅ ሾፌሩን አቀፈውና የሾፌሩ ጆሮ ነጭ ሆነ። አቻ ወጣን፤ ተረፍን። ሾፌሩ የባጃጁን ጡሩምባ እየነፋ እስከ ጉዱማሌ መናፈሻ ድረስ ነድቶ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ የተሳፈረች አንዲት ሴት መሃል ከተማ ለመሄድ ነበር አሉ የተሳፈረችው።

የጋሼ ስልክ ጮኸ። ሁላችንም ወደሳቸው ተጠጋን።

«አባዬ፣ ስንት ለስንት?»

«አቻ። ተርፈናል።»

«በቃ፣» አለች፣ «ለበዓል ግን ትመጣለህ። በዚህ ላይ ኳስ የለም።»

«ለበዓል እመጣለሁ። ተመልሼም እሄዳለሁ» አሏት ጋሼ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ጋሼ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ በተሳሳተ ቦታ መቀመጥዎን መቼ ነው ያወቁት?»

«በወረቀቱ የተቀመጥን የመጀመሪያ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ጥላው ተመችቶኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጥተው በጣታቸው አገላበጡት። «መሄድና መቅረቱን መወሰን እንቢ ብሎኝ ነበር። ኳሱ ይወስንልኝ አልኩ። እኔ ምን አገባኝ፣ ከወረደ እሄዳለሁ። ያን ዕለት ጎሉ ሲገባብን ግን እውነትም ልሄድ መሆኑን አየሁት፤ አልወደድኩትም።»

ካውያውን አስቀመጥኩ። «ስልክዎን ይስጡኝ፣ ማዳመጫውን ልሥራልዎት» አልኳቸው።

«ተወው፣» አሉ፣ «የባጃጅ ሾፌሩ በምን ይዝናናል?»

ይህን የጻፍኩት ከደብተሬ ነው፤ ደብተሬ ምን ያህል እንደሚታመን ደግሞ አንብባችኋል። ስለዚህ የነበራችሁ አርሙኝ። እትዬ፣ መጀመሪያ ባሸነፍንበት ቀን ከእግርዎ የወለቀው የቀኝ ጫማዎ ነው የግራው? ሁለቱንም ጽፌ ሁለቱንም ሰርዣለሁ። ወንድሜ ባለ ባጃጅ፣ የሴትዮዋን ነገር ሳትጨምርበት ንገረኝ። የይርጋለሙ እንግዳ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ጎሉ ሲገባ ሳሙናው በየትኛው ጉንጭህ ላይ ነበር? እባክህ መልሱን ስትሰጠኝ መስታወት ፊት አትቁም። ውድድሩ ሊጀመር ነው፤ ጋሼም መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አዲሱን ንድፍ እየጠበቁ ነው።