የቄሱ ልጅ በወንዶች ዋርድ

ጎንደር ሆስፒታል በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የነርሶች አለቃዋ፣ ማትሯ፣ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ዋርድ መደበችኝ። ከጠዳ የመጡ አንድ አዛውንት ሽንታቸው ቆሞባቸው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ማትሯ ጓንቷን አጠለቀች፣ የሽንት ቱቦውን፣ ካቴተሩን፣ በቅባት አራሰችና «እይ፤ ነገ የምታስገቢው አንቺ ነሽ» አለችኝ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡ። እኔም በሐፍረት ዓይኔን ኮርኒስ ላይ ሰቀልኩ።

«ኮርኒሱ አልታመመም» አለችኝ ማትሯ። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞራ «አባቴ፣ ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው ከጋቢው ሥር ሆነው የዝናቡን ማጠር ሲያማርሩ ቱቦው ገብቶ አለቀ።

ጡረታ እስክወጣ ከዚያ ዋርድ ብዙም አልራቅሁም። ቱቦ ማስገባቱን በሳምንት ለመድኩት። የከበደኝ የወንዶቹ ድብብቆሽ ነው። ከደጋ የሚመጣ ገበሬ ሽንቴ እምቢ አለኝ አይልም፤ «ወገቤን» ይላል። ወገቡን እያሸ ዓመት ይቆያል። ሲብስበት በቃሬዛ ይመጣል።

ሌላው የዘመዶች ነገር ነው። ምርመራው መጥፎ ሲሆን ኮሪደር ላይ ክንዴን ይይዙና «ሲስተር፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ እሱ እንዳይሰማ» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር መርዶ እንኳ ተመክሮበት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ቢሆንም በእኔ ተራ ምኑ እንደሚቆረጥ ያልሰማ በሽተኛ ወደ ኦፐሬሽን ክፍል አይገባም ነበር። በዚህ የተነሳ ልበ ደረቅ የሚል ስም ወጥቶልኛል። ስሙን ወድጄው ነበር፣ አባቴ እስኪታመም ድረስ።

አባቴ ከዳባት ወዲያ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ነበር፤ ቀን ያርሳል፣ በተራው ይቀድሳል። ታላቅ ወንድሜ ስመኘው በአውቶቡስ ይዞት ሲመጣ ጎብጦ ነበር። እሱም እንደ ሰዉ «ወገቤን» አለኝ። ሆዱን ስዳስሰው ፊኛው እምብርቱ ድረስ ወጥቷል። ለካ ቅዳሴ ላይ ሽንቱ እንዳያስቸግረው ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ መጠጣት ትቶ ኖሯል። ካህን ቅዳሴ ከገባ አቋርጦ አይወጣም። ስንት በዓል እንዲያ ተጠምቶ እንደቀደሰ አልጠየቅሁትም።

ቱቦውን ያስገባለት የሥራ ባልደረባዬ ወንድ ነርስ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ደምና የዕጢ ናሙና ተወሰደ፣ ራጅ ተነሳ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ቢሮው አስገብቶ በቀጥታ ነገረኝ። «ሲስተር፣ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ዕጢ ተነስቶ የጀርባ አጥንትና ዳሌ ገብቷል። አናድነውም። ማርገብ ግን እንችላለን። ካንሰሩን የሚመግበውን የወንድ ሆርሞን የሚያቆም መርፌ አለ፣ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ከደጋ እየተመላለሱ የሚጠፋ መርፌ ከመጠበቅ ሆርሞኑን የሚያመነጨውን ቆለጡን ብናወጣው ይሻላል። ከቆየ አከርካሪው ተጎድቶ እግሩ ሊያዝ ይችላል።»

ለስመኘው ነገርኩት። ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ «የሽንቱን መንገድ ሊጠርጉለት ነው እንበለው» አለ።

«ሳይሰማ?»

«እንዴት ይሰማል እናትነሽ! ቄስ እኮ ነው። አካሉ ጎድሎ መቅደስ ሊገባ ነው? ከሰማ እንቢኝ ይላል። ደብሩ ከሰማ ደግሞ አያስገቡትም። ምነው፣ የሰውን እንጂ የራስሽን አባት አታውቂም?»

አካሉ የጎደለ ካህን መቅደስ አይገባም የሚለውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ብንነግረው እንቢ ብሎ ሊሽመደመድብን ነው። ብንደብቀው፣ ያገለገለበትን መቅደስ ሳያውቅ ልናስደፍረው ነው፣ ያውም የገዛ ልጆቹ። «ቆለጥ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ለስንቱ ወንድ ያለ ሐፍረት ተናግሬ ለአባቴ አፌ እንቢ አለኝ። ልበ ደረቋ ሲስተር መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቁስቋም ሰፈር ከአባቴ ጋር የተማሩ አንድ የኔታ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ነገሩን እያፈርኩ ዘረገፍኩላቸው።

«ይኸን ፈርተሽ ነው?» አሉ። «በይ፣ ምርኩዜን አቀብይኝ።»

በባጃጅ ወሰድኳቸው። መጋረጃውን ስቤ ውጭ ቆምኩ፤ መጋረጃ ግን ድምፅ አይከለክልም።

«ሊቆርጡህ ነው አሉ» አሉት የኔታ።

«ምኔን?»

ነገሩት። ቀጥሎ የሰማሁት የአባቴን ሳቅ ነው። «ስንቱን ወይፈን ሳስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ተራው ለእኔ ደረሰ በለኛ!»

የኔታም ሳቁ። ወዲያው የአባቴ ድምፅ ዝቅ አለ። «መቅደሱስ?»

«ቀኖናው የሚከለክል በፈቃዱ ራሱን የሰለበውን ነው። ሐኪም ለሕመም የቆረጠውን አይዶለም። ረሳኸው? አብረን አልነበር የተማርነው?»

«አልረሳሁም። ከአንተ አፍ ልስማው ብየ ነው።» ቀጥሎ «ከቆረጡኝ በኋላ እድናለሁ?» አለ።

«እሱን ልጅህን ጠይቅ» አሉ የኔታ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ስለ ጤፍ ማውራት አማረኝ።

«አይድንም አባየ» አልኩት። «አጥንት ገብቷል። ኦፐሬሽኑ ያረግበዋል፣ ሕመሙን ይቀንሰዋል። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።»

«ቁሜ እቀድሳለሁ?»

«አሁን ቶሎ ከሆነ አዎ።»

«እንግዲያ ምን ያስቆማችኋል?» አለ። ከዚያ ወደ የኔታ ዞሮ «ይኸችን ለማለት አንተን ከቁስቋም ጎትታ አመጣች፤ ፈሪ ናት፣ በእናቷ ወጥታ ነው» አለ። እናቴ እንኳ ፈሪ አልነበረችም።

ቆለጡን ያወጡት በጀርባ ማደንዘዣ ነው፤ ብዙም አልቆየም። የወገቡ ሕመም በሳምንት ውስጥ ረገበለት። ፊኛው መሥራት ሲጀምርለት ቱቦው ወጣ። ሆርሞኑ በመቅረቱ ሙቀት እየመጣ ያልበዋል፤ «እንደ አሮጊት ሆንኩ» እያለ ይቀልዳል። ቁስሉ ሲድን ወደ ደብሩ ሄደ። ስመኘው ግን አኮረፈኝ። «እንግዲህ ሰው እንዳይሰማ አደራ» ብሎኝ በቅጡ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ፆሙ ከተፈታ በኋላ አንድ ማለዳ ሦስት ጎልማሶች ዋርዱ በር ላይ ቆመው «የቄሱ ልጅ ማናት?» ይላሉ። ከኋላቸው ስመኘው ቆሟል።

«ምን ሆናችሁ?» አልኳቸው።

አንደኛው አንገቱን ደፍቶ «ሽንቴ» አለ። በሥራ ዘመኔ ከአንድ የደጋ ገበሬ ያንን ቃል ሳልጎተጉት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማን ላካችሁ?»

ሁሉም ስመኘውን አዩት። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ነገረኝ። አባቴ ቀድሶ ሲጨርስ ሕዝቡ ሳይበተን ምርኩዙን ተደግፎ ቆመና «ወንዶች፣ ስሙኝ» አለ። «ሽንታችሁ እምቢ ሲላችሁ ወገቤን ነው እያላችሁ አትዋሹ። እኔ ዋሽቼ ረፍዶብኛል። ጎንደር ወርጄ ቆረጡኝ። ይኸው ደግሞ ቆሜ ቀደስሁ። ልጄ እዚያ ናት፣ ሂዱና ጠይቋት።»

«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር» አለኝ ስመኘው። «እነዚህ ግን እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ከበቡኝና ውሰደን አሉኝ።»

ከሦስቱ የአንዱ ካንሰር ገና ከዕጢው አልወጣም ነበር። ዳነ።

አባቴ ሁለት ፋሲካ ከቀደሰ በኋላ ሕመሙ አገረሸበት። መጨረሻው ቀላል አልነበረም፤ የሕመም ማስታገሻውን፣ ሞርፊኑን፣ በየሰዓቱ እየሰጠሁ አስታመምኩት። ስለ ሕመሙ የሚጠይቀኝን እመልስለት ነበር፣ ስለማላውቀውም አላውቅም እለው ነበር። በቤቱ፣ ልጆቹ ባሉበት አረፈ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በዋርዱ ላላችሁ የምለው ይኸን ነው። በሽተኛው በገላው ላይ የሚሆነውን ራሱ ይስማ። አፋችሁ እንቢ ካላችሁ የሚችል ሰው ፈልጉ። እድናለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱን ለሌላ አትተዉ፤ ገብታችሁ ራሳችሁ ንገሩት።