ሁለቴ ሲንኳኳ

መኪናዬን የኋላ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ጀርባዬን ብርድ ብርድ ይለኛል። ሞጣ፣ መድኃኒት ቤቴ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ያው ነው። መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ስትል አልፈራም። የምፈራው ዝም ስትል ነው። ያኔ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ወርጄ አያለሁ፣ ማንም የለም። ተመልሼ እገባና እንደገና እወርዳለሁ። መንገደኛው ያበድሁ ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

መንዳት ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በኤንትሬ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አሁን መሪውን ትተው ቢቸና ቤታቸው ተቀምጠዋል። የእሳቸው ትምህርት መሪ ከመያዝ አይጀምርም። መጀመሪያ መኪናውን እዞራለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አያለሁ፣ ጎማውን በመዳፌ መታ መታ አደርጋለሁ። "ወደ ፊት በዓይን ነው የሚነዳው፤ ወደ ኋላ ግን በአንገት ነው" ይሉኝ ነበር። ወደ ኋላ ስሄድ እሳቸው ከኋላ ጥግ ሆነው አብረው እየተራመዱ የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው ያንኳኳሉ። አንዴ ከሆነ ነይ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ ቁሚ። ሁለቴ ተንኳኩቶ ካልቆምሁ ቁልፉን ነጥቀው በእግሬ ወደ ቤት ይሰዱኛል። ሁለት ቀን በእግሬ ከሄድሁ በኋላ እግሬና ጆሮዬ ተዋወቁ።

ኋላ የራሴን መኪና ገዛሁ። ያገለገለች ናት፤ ግን ካሜራና የሚጮህ ሴንሰር አላት። ወደ ኋላ ስትሄድ በስክሪኗ ታሳያለች፤ አንድ ነገር ሲጠጋት ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ በጣም ሲቀርብ ሳታቋርጥ ትጮሃለች። የመጀመሪያዎቹን ወራት አንገቴን አዞር ነበር። ቀስ በቀስ ተውሁት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጎበዝ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በገበያ ቀን፣ አህያና ባጃጅ በተጨናነቀበት መሀል፣ በአንድ እጄ እየነዳሁ ወደ ኋላ ስወጣ ራሴን በራሴ አደንቅ ነበር። ጎበዟ መኪናዋ መሆኗን አላሰብሁም።

አባቴ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ይህን አዩ።

"አንገትሽን ለሻጩ ጨምረሽ ሰጠሽው እንዴ?"

"እሷ ታይልኛለች፣ አባባ።"

"እሷ የታመመች ቀንስ?"

"ያኔ እኔ አያለኋ!"

"ያኔማ ማየቱን ትረሽዋለሽ" አሉ። ሳቅሁባቸው። ያ ሳቅ ዛሬም ያቃጥለኛል።

በነሐሴ ጉንደ ወይን ለቅሶ ደርሰን ወደ ቢቸና ተመለስን። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ጭቃው መኪናዋን እስከ መስኮቷ ለብጧታል። አባቴ የቆመ መኪና አፍንጫው ወደ መውጫው መሆን አለበት ባይ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ ግቢያቸው የሚገባው ሁልጊዜ በኋላ ማርሽ ነው። በሩ ላይ ወረዱ፣ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና እንደ ልማዳቸው ከመኪናዋ የኋላ ግራ ጥግ ቆሙ።

የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ስክሪኑ ቡናማ ሆነ፤ ካሜራው በጭቃ ተደፍኗል። አላየሁም አልልም፣ አይቻለሁ። ሴንሰሩም እዚያው ጭቃ ውስጥ መሆኑን ግን አላሰብሁም። የሆነ ነገር ከተጠጋት ትጮሃለች ብዬ ፍሬኑን ለቀቅሁ። ስፖኪዮውን፣ ያንን የጎን መስታወት፣ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። አንዴ ተንኳኳ። ትንሽ ሄድሁ። እንደገና አንዴ። መኪናዋ ዝም እንዳለች ነው። ከዚያ ሁለቴ ተንኳኳ፣ ጠንከር ብሎ።

ሰማሁት። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ቀና አልሁና ወዲያው ዓይኔን ወደ ቡናማው ስክሪን መለስሁ። እግሬ ጢጥታውን ይጠብቅ ነበር። ቦታ ባይኖር ትጮህ ነበር አለኝ ልቤ፤ አንድ ክንድ ያህል ሄድሁ። መኪናዋ አልጮኸችም። የጮኹት አባቴ ናቸው።

ከአጥሩ ድንጋይ ጋር ተጣብቀው አገኘኋቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሯል።

ሐኪሙም ጎረቤቱም ምን ሆነው ነው ሲል እኔ ቀድሜ፣ "በዝናቡ ማንኳኳታቸውን አልሰማሁም" አልሁ። አንዴ ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ያንኑ ደጋገምሁት። አባቴ ደግሞ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ "ጭቃው አንሸራተተኝ፤ እሷ ምን ታድርግ" ይላሉ። ሁለታችንም ዋሸን። የእሳቸው እኔን ለመሸፈን ነበር፤ የእኔም እኔን ለመሸፈን።

በመኪናዋ አልፈርድም። ስንት ጊዜ ከግንብ፣ ስንት ጊዜ ከአህያ አድናኛለች። ባዳነችኝ ቁጥር ግን አንገቴ ሥራ እየፈታ፣ ጆሮዬም የእሷን እንጂ የሰው ድምፅ ማመን እየተወ ሄደ። አሁን ድምፁ አይለቀኝም። ደንበኛ መድኃኒት ቤቴን መስታወት ሁለቴ ሲያንኳኳ እጄ ባለበት ይደርቃል። ከሁሉ በላይ የሚበላኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ መስማቴን አባቴ ያውቁ ይሆን?

ቢቸና በሄድሁ ቁጥር መኪናዋን ከበር ውጭ እያቆምሁ እገባ ነበር። ባለፈው ጥር አባቴ በክራንች ተደግፈው በር ላይ ጠበቁኝ።

"አግቢያት እንጂ! ደጅ ልታድር ነው?"

"እዚሁ ትሁን፣ አባባ።"

"አግቢ ብያለሁ፤ እኔ አለሁልሽ" አሉና እያነከሱ ሄደው እዚያው ጥግ ላይ ቆሙ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድሁ። 

"አባባ፣ ያን ቀን ሰምቼ ነበር። ሁለቴ ሲያንኳኩ ሰምቼ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

በክራንቻቸው ጫፍ ስፖኪዮውን አሳዩኝ። "ፊትሽን በዚያ አየሁታ። ሳንኳኳ ቀና አልሽ።" ክራንቻቸውን መልሰው ተደገፉ። "ለመሸሽ ጊዜ ነበረኝ፣ ልጄ። ከሰማችማ ትቆማለች ብዬ ነው ያልሸሸሁት።"