ቅቤው ላይ አትሰስቺ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እያወራሁ በስልኳ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ወሬው የእሷም ስለሆነ የሚያሳፍራት ቦታ ስትደርስ ዘላ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ጽፋ ስትጨርስ መልሳ እንድታነብልኝ አስምያታለሁ። ብታጭበረብር ድምፅዋ ያጋልጣታል፤ በልጅነቷ ስኳር ሰርቃ ስትክድ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ጥር ነው፣ ሰርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዓረብ አገር መጣች። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ነው የመጣችው። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ በላይ አምባሰል ዳገቱ ላይ ነው። ባጃጅ እስከ ግማሹ ያደርሳል፣ የቀረውን እግር ይጨርሰዋል። ሻንጣዋን ሁለት ጎረምሶች እየተቀባበሉ ሲያወጡት ወርቅ የሞላበት መስሎኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ከፈተችው፤ ብልቃጥ ነው። ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ። ይኼ የጠዋት ነው፣ ይኼ የማታ ነው፣ ይኼ የዓይን ሥር ነው፣ ይቺ ደግሞ ጠብታዋ ብቻ የምትበቃ ውድ ናት እያለች አንድ በአንድ አሳየችኝ።

እኔም ዓይንና የዓይን ሥር ምን ተጣልተው ነው ቅባት የለያዩት ብዬ ጠየቅኳት። የጠዋት ፊትና የማታ ፊት ካለሽ፣ ልጁ የትኛውን እንደሚያገባ ከአሁኑ ይነገረው አልኳት። ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ግን አፏን የሸፈነችበት እጅ ጓንት ለብሷል።

ጓንቱን አላወልቅም አለች። በርዶኝ ነው አለች። ጥር እኛ ዘንድ ይበርዳል፣ እሱስ እውነት ነው። ምሳ ሲቀርብ ግን ማንኪያ ጠየቀች። እንጀራ በማንኪያ! እኔ ደግሞ ወሬ መደበቅ አልችልበትም። ሹካም ከከተማ እናስመጣልሽ ወይ አልኳት፣ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተገኘው ሁሉ አወራሁት። ዓረብ አገር ልጄን ወይዘሮ አድርጎ መለሰልኝ፣ ጣቷ ወጥ አይነካም እያልኩ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጸጉርሽን ላጥብሽ ብዬ ከቤት ጀርባ ወዳለው ምንጭ ወሰድኳት። እኔው እታጠባለሁ አለች። እኔ ውኃ አፈሳለሁ፣ አንቺ ታሺዋለሽ አልኳት። ጓንቱን አሁንም አላወለቀችም። እኔ ተንኮለኛዋ ሆን ብዬ ውኃውን ጓንቱ ላይ ደፋሁት። አሁን ይወልቃል ብዬ እየሳቅሁ ጎተትኩት።

የእጇ ጀርባ ሐይቁ ሸሽቶ የቀረ ጭቃ በፀሐይ ሲሰነጣጠቅ የሚሆነውን ሆኗል። መስመሩ ሁሉ ቀልቷል። ጥፍሯ ሥሩ ድረስ ተበልቷል። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ እጅ ከእኔ እጅ ብሷል።

«በረኪና ነው እምየ» አለች። «ሽንት ቤቱን በቀን ሁለቴ፣ ደረጃውን በቀን ሦስቴ። በርበሬ ሲነካው እሳት ነው።»

ማንኪያው ያኔ ገባኝ። የማንኪያው ወሬ መንደሩን ዞሮ ጨርሷል፣ ያዞርኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ምንጩ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ልጁ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ የሚነዳ ጨዋ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት የተነጋገሩት በስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ የሚያየው ፊቷን ብቻ ነው። እሷም ያላትን ሁሉ ፊቷ ላይ አፈሰሰች። ከመጣች ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች፣ ሁለቴም በጓንት። ለሰርጉ እስከ ክርን የሚደርስ ነጭ ጓንት ከቬሎው ጋር ይዛ መጥታለች። ቀለበቱንስ ጓንት ላይ ሊያስርልሽ ነው ወይ ብላት፣ አቀረቀረች።

«እንደ ሙሽራ ልሂድ ነው የምለው እምየ። እናቱ እጄን ካየች ለልጄ የሰው ቤት ሠራተኛ አመጣችሁልኝ ትላለች።»

ጸጉሯን አጥቤ ጨረስኩ። ሳበጥራት ስለ ራሴ ሰርግ ነገርኳት፣ ለማንም በደንብ ነግሬው የማላውቀውን።

በእኛ ጊዜ መስታወት የሚባል ነገር ድሀ ቤት አይገባም። እኛ ልጃገረዶቹ ሐይቁ ዳር ወርደን ልብሳችንን በእንዶድ እናጥባለን፣ ሣሩ ላይ እናሰጣለን፣ እስኪደርቅ ጎንበስ ብለን ፊታችንን ውኃው ላይ እናያለን። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ሐይቁ ዝም ሲል ቅንድብሽን መቁጠር ትችያለሽ። ታንኳ ካለፈ ግን አለቀ፣ ፊትሽ ተበጣጥሶ ይሄዳል። ታንኳ የሚቀዝፉትን ስንሰድብ አንዱ ሳቂታ ጎረምሳ ሆን ብሎ እየተመላለሰ ያበላሽብን ነበር። ኋላ ባሌ የሆነው እሱ ነው።

ሰርጌ ሲቃረብ እናቴ ገበያ ላከችኝ። ለሙሽራ ራስ የሚሆን ለጋ ቅቤ ግዢ ብላ ብሩን መቀነቴ ላይ ራሷ ቋጠረችው። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ቅቤው ላይ አትሰስቺ አለችኝ። እኔ ገበያ ስደርስ አንድ ከደሴ የመጣ ነጋዴ ክብ መስታወት ዘርግቷል። አነሳሁት። ታንኳ የማይበጣጥሰው ፊቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ። በተረፈችኝ ሳንቲም ከጥግ ከተቀመጠች ሴት ርካሹን ቅቤ ገዛሁ። ሞራ የተቀላቀለበት ነው። ሽታው ትንሽ አጠራጥሮኝ ነበር፣ ሽታ የሚያሳምረውን አደስ አብዝቼ ከተትኩበት፣ ጸጥ አለ። እናቴም አላወቀችብኝ።

የሰርጌ ለት በበቅሎ ስወጣ ገና ጎሕ መቅደዱ ነው። አምባሰል ገመገሙ ላይ ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሞራ ደግሞ ብርድ ሲነካው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ድስት ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ተሸፋፍኜ ነው የምሄደው፣ ራሴ ሲከብደኝ የሙሽርነት ወግ መስሎኛል። ሁለት ውሻ ከበቅሎዋ ኋላ ተከትሎ አልመለስ አለ፣ ሚዜዎቹ በድንጋይ ቢሉት ቢሉት እምቢ አለ።

ባሌ ቤት ስንደርስ አማቴ መሸፋፈኛዬን ገለጠችው። ራሴ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ ደርቋል። ዘፈኑ ቆመ። አማቴ እኔን አየች፣ ልጇን አየች።

«ያመጣህልኝ ሙሽራ ናት ወይስ እኩያዬ?»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። አማቴ ግን ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ፣ በሩን በጀርባዋ ዘጋች፣ ውኃ አሙቃ ያን ሁሉ ሞራ ከራሴ አወረደችው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቅል አወረደች። ለፋሲካ ያስቀመጠችው ቅቤ ነው፣ ንጹሕ፣ ወርቅ የመሰለ። ሳትሰስት አናቴ ላይ አደረገችልኝ። ምን ሠራሽ ብላም አልጠየቀችኝም። ያን መዳፏን እስከ ዛሬ አናቴ ላይ አውቀዋለሁ።

ባሌ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አልተወኝም። በበረደ ጠዋት ሁሉ፣ ዛሬስ ሽበትሽ እንዴት አደረ ይለኝ ነበር። ያን ጣጣ ያመጣውን መስታወት ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ጺሙን ይላጭበት ነበር፣ እየተላጨ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ያይና ይስቃል። መስታወቱ ዛሬም አለ፣ ጥጉ ትንሽ ተሰንጥቋል። አሁን ሽበቱ የእውነት ሆነ፣ እንዴት አደረ የሚለኝ የለም።

እና ልጄን እንዲህ አልኳት። ፊትሽን የሚያየው ሰው ነው፤ አንቺ መስታወት ካልያዝሽ አታይውም። እጅሽን ግን ስትሠሪም ስትበዪም ስታለቅሺም የምታይው አንቺው ነሽ። ብር ካጠረሽ ከፊትሽ ቀንሺ፣ እጅሽ ላይ አውጪ። እሷ ደሴ ወርዳ አንድ ሱቅ ያለ የእጅ ቅባት ልትገዛ አስባ ነበር፣ ዋጋውን ስሰማ አማተብኩ። ያን ብር ተቀበልኳትና በገበያ ቀን አብረን ሐይቅ ወረድን።

ቅቤ የምትሸጥልኝ እስላም ሴትዮ አለች፣ ሃያ ዓመት በዋጋ የተከራከርኳት ወዳጄ። ከተሸፈነው ሥር ያለውን አምጪ አልኳት። ወላሂ የትላንት ነው አለች። በወላሂሽ አምናለሁ፣ ግን ክንዴም ይመስክር ብዬ ትንሽ ቆንጥሬ ክንዴ ላይ አደረግሁ። የእኔ መፈተኛ ይኼ ነው፤ አባታችን ሆይን እስክጨርስ ሟሙቶ ቆዳዬ ከጠጣው ቅቤ ነው፣ ከተንከባለለ ሌላ ነገር አለበት። ያ ቅቤ «የዕለት እንጀራችን» ላይ ሳልደርስ ጠፋ። ዋጋውን ነገረችኝ፣ ምንም ሳልቀንስ ከፈልኩ። ሴትዮዋ ደነገጠች።

«እማማ፣ ዛሬ አሞሻል እንዴ?»

ለልጅቱ እጅ ነው አልኳት። ልጅቱ ጓንቷን ወደ ነጠላዋ ሥር ሰወረች። ሴትዮዋ አየቻት፤ የእሷም ልጅ ዓረብ አገር ናት። ሚዛኑ ላይ አንድ እፍኝ ጨመረችልንና፣ አብሽሪ እህቴ፣ ይሽራል አለቻት።

ሌላው በነፃ ነው። አደሱ ከጎረቤት፣ የጉሎው ቅጠል ከአጥሩ፣ እጅ የሚያቀላው እንሶስላ ራሴ ምንጩ ዳር የተከልኩት። ሳሙናም ቢሆን ተራውን ነው የተጠቀምነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እጇን በቅቤ አሻለሁ፣ በሞቀ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። ሙሽራ ቅቤ ቅቤ ልሸት ነው ወይ ብላ ስታኮርፍ፣ ሞራ ከሸተተችው ትሻላለች አልኳት። ሥራ ከልክያታለሁ። ማንኪያውንም ደበቅሁት፤ አሥር ቀን ሙሉ በእጄ አጎረስኳት፣ እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ትከፍታለች። ጎረቤቶቹ ይኼስ ቅብጠት አይደለም ወይ ሲሉ፣ አዎ ቅብጠት ነው፣ የማንኪያውን ወሬ እንዳወራሁት ይኼንንም አውሩልኝ አልኳቸው። በረኪናውንም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የእንሶስላውን ሥር ወቅጬ እጇን መረግሁት፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ አሰርኩት። ሲፈታ እጇ ለስልሷል፣ መቅላቱም አምሮበታል። ስንጥቁ ግን ሁሉም አልጠፋም። መስመር መስመሩ ቀርቷል፣ ቀለሙም እዚያ እዚያ ጠልቆ ጠቁሯል። እሷ አየችው፣ አየችውና ነጩን ጓንት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቀለበቱ ሲታሰር ጓንቱ በቦርሳው እንዳለ ነው። እንዴት እንደ ጨከነች እሷ ታውቃለች። ከዚያ ዘመድ እየመጣ ሲስማት፣ የልጁ እናት እጇን ያዘች። ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የምታለማ ሴት ናት። ያዘችና አልለቀቀችም፣ ወደ ብርሃኑ ገለበጠችው።

«ይኼን የመሰለ ሥዕል ማን ሣለልሽ?»

እዚህ ላይ ልጄ ዓረብ አገር ያለ ሠዓሊ ነው ብትል ታምናት ነበር። እኔ ብሆን እላት ነበር።

«በረኪና ነው እማማ» አለች ልጄ። «ሰው ቤት ስሠራ ነው። ቀለሙን እምየ ቀባችው።»

ሴትዮዋ የራሷን እጅ ገልብጣ ከልጄ እጅ ጎን አስቀመጠችው። ሽንኩርትና ውኃ የበላው እጅ፣ መስመሩ ያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ የለውም። ሁለቱን እጆች ትንሽ አየቻቸው፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ቅቤው ተርፏል?»

ተርፏል አልኩ። ለመልሱ ግብዣ ቤታችን ስትመጣ የቅቤውን ቅል በእጇ ሰጠኋት፣ ግማሽ ይሆናል። ነጩን ጓንት ደግሞ እኔ ወሰድኩት። በለስ ስለቅም እለብሰዋለሁ፣ እስከ ክርን ስለሆነ እሾህ አያስገባም። አንድ ነገር ላይ ብዙ ብር ካወጡ አይቀር እንዲህ የሚያገለግል መሆን አለበት።