የሕዝብ የድንኳን ቦታ

ባለቤቴ ካርታ ሠሪ ነበር። በመጨረሻው ዓመት መሥሪያ ቤቱ አንድ ሥራ ሰጠው፤ ሰው ለመዝናናት ሄዶ ድንኳን ተክሎ የሚያድርባቸውን የሕዝብ ቦታዎች ፈልጎ በካርታ ላይ እንዲያሰፍር። እንደዚያ ደስ ብሎት የሠራው ሥራ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከነፋስ ስልክ ተነስተን፣ መካኒሳ አቦን አልፈን ወደ ለቡ በእግር እንወርዳለን። እሱ ሜትሩን ይዘረጋል፣ እኔ ጫፉን እይዛለሁ።

ከሁሉም የወደደው ከወንዙ በላይ ያለውን ሜዳ ነው። ውሃ ቅርብ ነው፤ መሬቱም ዝናብ አያቁርም። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ቀን የራሱን ትንሽ ድንኳን ተከለበት። ችካሉን መትቶ ሳይጨርስ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ።

«ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ለሽርሽር ነው።»

«ደህና ሰው ቤቱን ጥሎ ሜዳ ያድራል?» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያስ እንባዬን መልስልኝ።»

ባለቤቴ ሳቁ አላስቆም ብሎት ችካሉን መምታት አቃተው።

ሜዳውን በካርታው ላይ በአረንጓዴ ከቦ «የሕዝብ የድንኳን ቦታ» ብሎ ጻፈበት። ካርታውን አስረክቦ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የእድራችን ድንኳን ደጃችን ላይ መንገዱን ዘግቶ ሦስት ቀን ቆመ።

ከአርባው በኋላ ወደ ለቡ ብወርድ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ካርታውን ዘረጋልኝ። አረንጓዴው ክብ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

«እህቴ፣ እዚያ አካባቢ ገና ሰው እንኳ በቅጡ አልሰፈረም» አለኝ። «ለቀስተኛ በሌለበት የለቅሶ ድንኳን ምን ይሠራል? እድሩስ በየደጁ አይደል የሚተክለው? ትርፍ ቦታ ነው ብለን ለመጋዘን ሰጠነው።»

«የለቅሶ አይደለም። የሚዝናና ሰው የሚያድርበት ነው። ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ድንኳን ነው የሚለው። እኔ ምን ላድርግ?»

ሥራው የታዘዘበት ደብዳቤ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነበር። ተነስቶ ለማየት ሰነፈ። ባለቤቴ ዓመት ሙሉ በእግሩ የለካውን፣ እሱ አንድ ቃል አይቶ ሰረዘው። ሰዎች ይቅር በዪው ይሉኛል። አልልም።

በማግስቱ ያችን ትንሽ ድንኳን ተሸክሜ ሄጄ ከአጥሩ ሥር ተከልኳት። የመጋዘኑ ዘበኛ መጣ።

«እዚህ ድንኳን አይቻልም እትዬ። ያንሱልኝ።»

ሳልመልስለት እኚያው አሮጊት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረሱ። ጥቁር ልብሴን አዩ።

«ዛሬስ ማን ሞተ?» አሉኝ፣ እየፈሩ።

«ያ የሳቀብዎ ሰውዬ።»

አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱለት። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ቆመ። የለቅሶ ድንኳን አንሱ የሚል አፍ አልነበረውም።

«እግዜር ያጽናዎት» አለኝ በመጨረሻ።

እኔ ግን የሄድኩት ለመጽናናት አልነበረም። የሄድኩት ለሜዳው ነው።