ያልተነሳው ሳህን

በሆቴል ሙያ ትምህርት ቤታችን ትምህርት በተጀመረ ቁጥር ተማሪዎቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ከእናንተ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ የሚኖር ማነው?» አምና ከአሥራ ስድስቱ ሦስት እጅ ብቻ ወጣ። ሌሎቹ ሳቁ። አንዱማ «ሌላ ሥራ እስኪገኝ እኮ ነው፣ መምህር» አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን ምን ላድርግ፣ ስንት ዓመት የሰማሁት ነገር ነው።

ከሦስቱ እጆች አንዱን ያወጣችው ኔሳ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷን ፊንታንን ኬሪ በምትባለው በዚህች የባሕር ዳርቻ አገራችን የማያውቀው የለም። በትልቁ ሆቴል በመስኮት በኩል ያሉትን ጠረጴዛዎች አርባ አንድ ዓመት ያስተናገደ ሰው ነው። በወጣትነቴ እዚያው ሳስተናግድ ሦስት ሳህን በአንድ እጅ መያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። ስንቱን እንደሰበርኩበት እኔ ነኝ የማውቀው፤ «አይዞሽ ብሪዲ፣ ሆቴሉ ሀብታም ነው» ከማለት በቀር ተቆጥቶኝ አያውቅም።

በመስከረም ጡረታ ሊወጣ ነበር። ቦታውን ለኔሳ እንዲሰጧት ሥራ አስኪያጁን ለምኖ እሺ አሰኝቶ፣ ለዓሣ ሻጩ ሳይቀር አውርቶ ነበር። ኔሳ ግን ለልምምድ ሦስት ወር ሆቴል ሠርታ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆናለች።

«ሥራውን ጠልቼው አይደለም፣ መምህር» አለችኝ። «ኑሮውን ነው የፈራሁት። ቦታውን እንደማልፈልገው ለአባቴ ከምርቃቱ ምሳ በኋላ እነግረዋለሁ።»

በእኛ ትምህርት ቤት የምርቃት ምሳ ላይ ወላጅ ይቀመጣል፣ ልጅ ያስተናግዳል። ፊንታን ጥቁር ከረባቱን አስሮ መጣ። «ተቀምጬ ስስተናገድ የመጀመሪያዬ ነው። እጄን የት ላድርገው?» አለኝ። ኔሳ ዓሣውን በሥርዓቱ አቀረበችለት። እሱ ግን ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ዕድሜውን ሙሉ የእንግዳ ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው የልጁ ፊት አይጠፋበትም።

በእኛ ሙያ ቢላና ሹካ ሳህኑ ላይ ተራርቀው ከተቀመጡ እንግዳው አልጨረሰም፤ ጎን ለጎን ከተጋደሙ ይነሳለታል። ሌላው ሰው በልቶ ወጣ። ፊንታን ባዶ ሳህን ላይ ቢላና ሹካውን አራርቆ ተቀምጧል። ኔሳ ሦስት ጊዜ መጥታ፣ እንዳስተማርኳት፣ ሳትነካው አለፈች። በአራተኛው ቆመች።

«አባዬ፣ ሳህኑ እኮ ባዶ ነው።»

«አልጨረስኩም።»

«አውቀሃል አይደል?»

«ከሆቴሉ መስኮት ባሕሩ ይታያል፣ ኔሲ። ጥሩ ቦታ ነው።»

«የገና በዓል በመጣ ቁጥር የአንተ ወንበር ባዶ ነበር፣ አባዬ። አንተ እዚያ እንግዳ ታበላለህ፣ እማዬ ሳህንህን ታቀርብና እንዳለ መልሳ ታነሳዋለች። እኔ ልጆቼን እንደዚያ ላሳድግ አልችልም።»

ፊንታን ቢላውንና ሹካውን ጎን ለጎን አጋደማቸው። ኔሳ በቀኙ በኩል መጥታ ድምፅ ሳታሰማ አነሳችለት።

«አየሽ አነሳሷን፣ ብሪዲ?» አለኝ። «ከእኔ ትበልጣለች።» እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ፊንታን በመስከረም ጡረታ ወጣ። በገና ማግስት ኔሳን ዳቦ ቤት አገኘኋትና «ዘንድሮስ አባትሽ ቤት ዋለ?» አልኳት።

«ዋለ» አለች። «መቀመጥ ግን አልቻለም። በልተን እስክንጨርስ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ ጠበቀን።»