የወይኖ ምትክ

ባለፈው ሰሞን ሰቆጣ ካለችው የጽሕፈት ሱቄ ተቀምጬ የአንድ ደንበኛ ማመልከቻ ስተይብ፣ በኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ አንዲት ትንሽ መልእክት ብቅ አለች። የምስል ድራይቨሩ ታድሷል ትላለች። ስክሪኑ አንዴ ጨለም ብሎ ተመለሰ፣ መልእክቷም እንደመጣች ሄደች። ደንበኛዬ ምን ሆነ ብሎ ደነገጠ። ምንም አይደለም፣ ራሱን እያደሰ ነው አልኩት። የእኔ እጅ ግን ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቀረ። ያቺ መልእክት በቅጽበት የጨረሰችውን ሥራ፣ እኔና አባቴ በአንድ ወቅት በአቧራ ነጭተን ወልድያ ድረስ ሄደን ነበር ያስጨረስነው።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ወልድያ ዘመድ ቤት ተቀምጬ አጭር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ፣ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ሰቆጣ አክስቴ ቤት ተመልሻለሁ። ወረቀቱ ያምራል፤ ሥራ ግን የለም። ያን ጊዜ በእኔ ዕድሜ ላሉ ልጆች የሚታየው መንገድ አንድ ነበር፤ ዐረብ አገር። አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ሄዳለች። ደላላውም ከጥምቀት በፊት ቁርጥሽን አሳውቂኝ ብሎኛል። መሄድ እወድ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ግን እጅን አጣጥፎ የሰው ቤት መቀመጥም ያሳቅቃል።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ቤታችን ወደ እኛው ዝቋላ ወረዳ በሚወስደው በኩል፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። የደላላውን ነገር ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አልመከሩኝምም። በሚቀጥለው ገበያ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን፣ ወይኖን፣ ነድተው መጥተው ሸጡት። ከዚያ አክስቴ ቤት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና «ያ የተማርሽበት ዕቃ የት ነው የሚሸጠው?» አሉኝ። ነገሩ ሲገባኝ እንባዬ መጣ። «በሬ ይተካል ልጀ» አሉኝ።

በሬ ጠምዶ ለማያውቅ አንባቢ ይኸ ምን ማለት እንደሆነ ልንገር። ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ የራሱ ጌታ ነው። አንድ የቀረው ግን መቀናጆ ይገባል፤ የእሱን አንድ ከጎረቤቱ አንድ ጋር አጣምሮ ቀን እየተካፈሉ ማረስ ነው። በእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ቀን ቆጥሮ አይጠብቅም። ማሳህ ረጥቦ አፉን ሲከፍት በሬህ የጎረቤት ተራ ላይ ሊሆን ይችላል። አባቴ ይኸን ጠንቅቀው እያወቁ ነው ወይኖን የሸጡት።

ኮምፒውተሩን ወልድያ ከሰይድ ሱቅ ገዛሁ። ሰይድ ሥልጠናው ቤት አጠገብ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥ፣ ቀልድ የሚወድ ወጣት ነበር። ያን ዕለት መብራት ብልጭ ድርግም ይል ስለነበር መነሣቱን ብቻ አይቼ፣ ከነፕሪንተሩ አስጭኜ አመጣሁት። አክስቴ ጓዳዋን ለቀቀችልኝ፤ በማር ቅሎችና በማሽላ ጆንያ መካከል ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ዛሬም ድረስ የሰም ሽታ ሲሸተኝ የሚታየኝ ቀፎ አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው።

ደስታዬ አንድ ቀን አልዋለም። ማሽኑ ይነሣል፣ ግን ሁሉ ነገሩ ጎታታ ነው። ፊደሉ ጡብ ጡብ ያክላል፤ ቀለሙ የታጠበ ነጠላ ይመስላል። ገጹን ወደ ታች ሳወርደው እየተግተለተለ በመስመር በመስመር ይወርዳል። ድምፅ የሚባል የለውም። ፕሪንተሩማ አጠገቡ ተሰክቶ እያለ አላውቀውም አለ። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ሥራዬን ተቀብያለሁ፤ አንድ መምህር በጥር ሊያገባ ነውና የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት የሠርግ ጥሪ ካርድ። ፎቶውን ስከፍተው የሙሽራዋ ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ተንጋድዶ ብቅ አለ። ሳያት ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ወይኖ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

አክስቴ ነገሩን በራሷ መንገድ መረመረችው። ጎረቤት እየገባ ካየው ወዲህ ነው የደከመው አለች፤ የሰው ዐይን በልቶታል። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የጸበል ዕቃዋን ይዛ ወደ ጓዳ ስታመራ ደርሼ በሩ ላይ ቆምኩባት። ውሃ ከነካው ይሞታል ብዬ ለመንኳት። በመጨረሻ የመጣበትን ካርቶን ብቻ ልትረጨው ተስማማን፣ ሁለታችንም ቅር ሳይለን።

አባቴ ለገበያ በመጡ ቁጥር መደቡ ላይ ተቀምጠው በጸጥታ ያዩኛል። በሬ ሲገዙ የሚያዩት አስተያየት ነው። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን መስኮት በመዳፊቱ ስጎትተው በየደረሰበት ጥላውን እየጣለ ሲንፏቀቅ አይተው «ይኸ ነገር ደክሞታል፤ ሳንታለል አልቀረንም» አሉ። ለእኔ እንዳይከብደኝ አታለሉሽ አላሉም፤ ግን ገብቶኛል። መልሶ መሸጥ ይሻል እንደሆነ አክስቴን ሲጠይቋትም ሰማሁ። ማሽኑ ከተሸጠ ለእኔ የሚቀርልኝ ደላላው ብቻ ነበር።

የሥልጠና ደብተሬን አገላብጬ፣ ማሽኑንም አንድ በአንድ ፈትሼ፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር ላይ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ። ቴሌ ሄጄ ለሰይድ ደወልኩ። ጥፋቱን ወዲያው ነገረኝ። የማሽኑን የድሮ ፕሮግራም አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ሲጭን፣ ውስጡ ያሉትን ዕቃዎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች፣ ድራይቨሮቹን፣ ሳይጭን ነው የሰጠኝ። በስልክ አይላክ፤ የትኛው ካርድ ውስጡ እንዳለም ሳያየው አያውቅም። «ሆዱን ከፍቼ ማየት አለብኝ፣ አምጪው» አለኝ።

አሁን ይኸን ለአባቴ እንዴት ላስረዳቸው? ዕቃው ደህና ነው፣ ግን አይሠራም፣ ግን ዕቃው አልጎደለም ብል ማን ያምነኛል። ሳሰላስል ቡሬ መጣልኝ።

ቡሬ የቀረልን በሬ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ከአበርገሌ ገበያ ነበር የገዙት። ሲያዩት ግርማው ሌላ ነው። ሲጠመድ ግን ሂድ ሲሉት ይቆማል፣ ቁም ሲሉት ይሄዳል፣ ትልሙን ይስታል። መንደርተኛው ሰነፍ ነው፣ ለሥጋ ይሽጡት አለ። አባቴ ስንቃቸውን ቋጥረው ሻጩ ድረስ ተመለሱ። ለካ ሰውየው የሚያርሰው በትግርኛ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ በሬ የሚነገረው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና። ቡሬ ምን ያድርግ! አባቴ ሰውየው ማሳ ላይ ውለው፣ የሚነዳበትን፣ የሚያዞርበትንና የሚያቆምበትን ቃል ተምረው መጡ። ከዚያ ወዲያ ቡሬን የሚያህል አልተገኘም። በቤታችን በትግርኛ የሚነገረው እሱ ብቻ ነበር፤ እናቴ እንኳ ስትቆጣው በትግርኛ ነበር።

«አባየ» አልኳቸው፣ «ይኸ ማሽን ሰነፍ አይደለም። እንደ ቡሬ ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች የሚነገሩበት ቃል አላቸው፣ እሱ አልተሰጠንም።»

አባቴ ማሽኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ቃሉ ሻጩ ዘንድ ነው?»

«አዎ፣ ወልድያ።»

«እንግዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ማሽኑን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለሉበት።

የገና ጾም ነበር። ጠዋት ሰቆጣን ስንለቅ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ በየአውድማው የተከመረው ጭድ ላይ ጠል ተኝቷል። ረዳቱ ዕቃው ጣሪያ ላይ ይውጣ አለ። አባቴ አልሰጥም አሉ። «ይኸ እኮ በሬ ነው፤ በሬ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የት አይተሃል?» ተሳፋሪው ሳቀ፣ ረዳቱም ተወን። ከኮረም ወደ አላማጣ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ አውቶቡሱ በተጠማዘዘ ቁጥር አባቴ ማሽኑን እቅፍ ያደርጉታል። እኔን አልነበረም የያዙት! አክስቴ የቋጠረችልንን የሽምብራ ቆሎ ያወጣነው ቆላው ሲሞቅ፣ የጾሙ ሰዓት ሲደርስ ነው። ሜዳው ላይ የማሽላ አገዳ እየታጨደ ነበር፤ አባቴ በመስኮት እያዩ የሰዉን በሬ ያመሰግናሉ።

ሰይድ ሲያየን ተነሥቶ ተቀበለን። አባቴ ሰላምታውን እንደጨረሱ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ልጀ፣ አንተ ስታሠራው በምን ነበር የምትናገረው?» ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። የቡሬን ታሪክ ስነግረው ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ተወው። ክዳኑን ፈታና አባቴን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ፣ ይህቺ የምስል ናት፣ ይህቺ የድምፅ ናት፣ ሁሉም የየራሱ ቃል አለው እያለ አሳያቸው። ብዙ ገዢ የሚመጣበት ሰው ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ሊሰጠን አይገደድም ነበር። አላህ ይስጠው።

መጀመሪያ የጫነው ሲዲ ፊደሉንና ቀለሙን አስተካከለ፣ መንፏቀቁ ግን አልለቀቀም። ሰይድ ይኸ የቆየው ነው ብሎ ከመሳቢያው ሌላ ሲዲ አወጣ፤ አዲስ አበባ ሲሄድ ከኢንተርኔት ያወረደው አዲሱ ቅጂ ነበር። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን አባቴ ትንፋሻቸውን ያዙ። ተመልሶ ሲነሣ መስኮቱን ጎተትኩት፤ ጥላ ሳይጥል ከእጄ ጋር ሄደ። የድምፁን ሲጭን ደግሞ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜማውን አሰማ።

«መለሰ» አሉ አባቴ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ዛሬም ልገልጸው አልችልም። ሰይድ የፕሪንተሩን ጨምሮ ሲዲዎቹን ሁሉ ገልብጦ ሰጠን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎም ምንም አልቀበል አለ። አባቴ በአማርኛ መረቁት፣ አልበቃ ሲላቸው በኽምጣና ደገሙለት።

የመምህሩ የሠርግ ካርድ ደረሰ። ሙሽራዋም ቆንጆ ነበረች ለካ። ከእሷ ካርድ ሌላ ሠርግ፣ ከሠርጉ ማመልከቻ፣ ከማመልከቻው የተማሪ ጽሑፍ እየተሳበ መጣ። ጥምቀት ሲያልፍ ደላላው በራችን ላይ መጣ፤ አክስቴ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት ብላ ሸኘችው። ጓደኛዬ በሄደችበት ያየችውን መከራ በኋላ ነገረችኝ፣ እሷን አስቤ ዛሬም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ አዝናለሁም።

አባቴ አንድ ክረምት በመቀናጆ አረሱ፤ ምርቱም ቀነሰ። ለሚቀጥለው ሳይደርስ ግን ከሥራዬ ያጠራቀምኩትን ቋጥሬ ገበያ ይዣቸው ወጣሁ። አንድ የሰሃላ ሰው ደልደል ያለ ወይን ጠጅ በሬ ይዞ ቆሟል። አባቴ ጥርሱን አዩ፣ ሻኛውን ዳሰሱ፣ ስሙንና የሚነዳበትን ቃል አንድ በአንድ ጠየቁ። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ሰውየውን «ሲዲውስ?» አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት በሬውን አየ። እኔ ሳቅ አላስቆም ብሎኝ በበሬው አንገት ላይ ተደገፍኩ።

አባቴ አሁን ጉልበታቸው ደክሞ እኔው ዘንድ ናቸው። ከሱቄ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያቺ መልእክት የመጣች ዕለት ደንበኛዬ ማመልከቻውን ይዞ ሲወጣ ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባየ፣ ዛሬ ማሽኑ ቃሉን ራሱ ፈልጎ አመጣ።»

«ወልድያ ሳይሄድ?»

«ሳይሄድ።»

«ተሸክሞ የሚወስደውም ሳይኖር?»

«ማንም ሳይኖር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን» አሉ።

እኔስ ተሸክሞ የሚወስድልኝ ነበረኝ፣ ተመስገን።