አርባ አንዱ ዜሮዎች

ገላኔ አዲስ አበባ ዳር ለቡ ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። አባቷ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። አንደኛ ክፍል ስትገባ አማርኛ አታውቅም ነበርና መምህሩ «ይቺ አይገባትም» ብሎ ከኋላ አስቀመጣት፤ ሁለት ዓመት ዞር ብሎም አላያት። ከዚያ ወንበር ተነሥታ ነው በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክተር የሆነችው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታስተምረውና የምትመራመረው።

ታዲያ አርባ አንድ ልጆችን ከክፍላቸው ሊያስወጣ የነበረው የዚህችው ሴት ጥናት ነው።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ስታስለካ አርባ አንዱ ዜሮ አመጡ። የፈተናው ደንብ ልጁ የመጀመሪያውን መስመር ካላነበበ ጠያቂው ያቆማል፣ ዜሮ ይሞላል የሚል ነው። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርቷን አየና ልጆቹ ከሰኞ ጀምሮ ተለይተው «የደካሞች ክፍል» እንዲገቡ ወሰነ።

ሐሙስ የልጆቹ አስተማሪ ትሩፋት ደወለችላት።

«ዶክተር፣ ሴናን ዜሮ ሰጣችኋት አሉ! የታክሲ ታፔላ ጮክ ብላ እያነበበች እናቷን የምታሳፍር ልጅ እኮ ናት!»

ገላኔ ወዲያው ሄደች። ሴናን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

«አፌን ብከፍት ክኒኑን ሊጨምሩብኝ!»

«የምን ክኒን?»

«የትሉን ነዋ! ይመራል።»

ለካ ከፈተናው ሦስት ቀን በፊት ሰደርያ የለበሱ፣ ቦርሳ ያነገቱ የጤና ሠራተኞች መጥተው ለልጆቹ የትል መድኃኒት ሰጥተው ነበር። የገላኔ ጠያቂዎችም ሰደርያ ለብሰው፣ ቦርሳ አንግተው መጡ። ደፋሮቹ አነበቡ፤ የፈሩት ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ሰደርያውን ያሰፋችው ደግሞ ራሷ ገላኔ ናት፣ ሥርዓት ያለን እንምሰል ብላ።

በማግስቱ ያለ ሰደርያ ብቻዋን መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። አርባ አንዱም ተራ በተራ ለጓደኞቻቸው እንዲያነቡ አደረገች። ሠላሳ ሦስቱ አንበለበሉት፤ ስምንቱ አልቻሉም።

ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የትምህርት ክፍል ኃላፊዋን ዶክተር ከበበውን፣ «ሪፖርቴን ልሰርዝ ነው» አለቻቸው።

«አብደሻል እንዴ ገላኔ? የማዕረግ እድገትሽ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ? በሚቀጥለው ጥናት ታስተካክይዋለሽ።»

«እስከዚያ ልጆቹ ሦስተኛ ክፍል ይደርሳሉ።»

«በክኒን የተሸነፈች ተመራማሪ ብለው ይስቁብሻል እኮ!»

«ይሳቁ፣ ዶክተር። ሳቁ የአንድ ሰሞን ነው። ደካማ የተባለ ልጅን ግን ስሙ እስከ ሽምግልናው ይከተለዋል።»

«እኔ አልፈርምልሽም።»

«እርስዎ አይፈርሙ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ፊርማውም የኔ ይሁን።»

ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ በር ሲከፈት ደብዳቤዋን ይዛ ቆማለች። ኃላፊው አቶ ወጋየሁ ሁለቴ አነበቡት።

«መልካም፤ ሠላሳ ሦስቱ በክፍላቸው ይቆዩ» አሉ በመጨረሻ። «ስምንቱን ግን እንለያቸዋለን፤ አንቺም እንዳላነበቡ ጽፈሻል።»

«ማንበብ አልቻሉም አልኩ እንጂ አውጧቸው አላልኩም። በኔ ወረቀት አንድም ልጅ ከክፍሉ አይወጣም።»

«ውሳኔው የኛ ነው፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ውሳኔውን በጽሑፍ ይስጡኝ። በምን ማስረጃ እንደወሰናችሁ ቀጥዬ አጠናዋለሁ።»

አቶ ወጋየሁ ብዕራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያም ስልኩን አንሥተው ርዕሰ መምህሩን፣ «አርባ አንዱም በየክፍላቸው ይግቡ» አሏቸው።

ገላኔ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።